ከሰል አቅራቢ ብዬ የጻፍኳቸው ሰው

ማንበብና መጻፍ የተማርኩት አርባ ሁለት ዓመት ከሞላኝ በኋላ ነው። ይህን የምናገረው እንዲታዘንልኝ ወይም እንዲጨበጨብልኝ አይደለም። ጭብጨባውን በጊዜው ጠግቤዋለሁ። የጎልማሶች ትምህርት የጨረስን ቀን ወረቀት ሰጥተውን፣ ፎቶ አንስተውን፣ ለስላሳ አጠጥተውናል። የምናገረው ፊደል ባላውቅ ኖሮ ያንን ሰው እንደዚያ አድርጌ መበደል አልችልም ነበር ለማለት ነው። መሃይም ሆኜ ብዙ ጥፋት አጥፍቻለሁ። ይህንን ግን የሠራሁት ተምሬ ነው።

እንጨት ሠራተኛ ነኝ። ሐዋሳ፣ መናኸሪያ፣ ከአውቶቡሶቹ ጀርባ ባለው ሰፈር በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ ቁም ሳጥን ስሠራ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ሥራዬን ጥሩ ነው ይሉኛል። እኔም ጥሩ መሆኑን አውቃለሁ፤ ትሕትና የሚባለውን ነገር ከእናቴ ቤት ይዤ አልወጣሁም። ግን ሥራዬ ጥሩ የሆነው በእጄ ብቻ አይደለም፤ በመሣሪያዬ ነው። መሣሪያዬን ደግሞ ራሴ ነኝ የምቀጠቅጠው። ማን እንዳስተማረኝ ግን ለብዙ ዓመት ለማንም አልተናገርኩም።

ነገሩ የጀመረው ከዚሁ ከሐዋሳ ፒያሳ በገዛሁት መሮ ነው። መደብር ውስጥ ሲያዩት ያምራል፤ እጀታው ቢጫና ጥቁር ፕላስቲክ፣ ብረቱ እንደ መስታወት ያበራል። ወይራ ላይ አስቀምጬ ሦስት ጊዜ ስመታው አፉ ታጠፈ። ሌላ ገዛሁ፤ እሱም ታጠፈ። በሦስተኛው ተናድጄ ገበያው ጥግ ወዳሉት ሽማግሌ ቀጥቃጭ ይዤው ሄድኩ። ሽማግሌው ከቆርቆሮና ከጆንያ በተሠራች ጠባብ ቤት ውስጥ ማጭድ፣ ቢላዋ፣ የቤት መጥረቢያ የሚሠሩ ሰው ነበሩ። እንደ ሰው ሁሉ ደጅ ቆሜ መሮውን አቀበልኳቸው። በጥፍራቸው ነካ ነካ አድርገው ሰሙትና ቀና ብለው አዩኝ።

«ይሄ ለምንድነው?»

«ለእንጨት ነው አባባ።»

«ለእንጨት አይደለም፤ ለቅቤ ነው» አሉና መለሱልኝ። «ቅቤ ስትቆርጥበት ራሱ ቀስ በል።»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። የድሮ መኪና ባሌስትራ፣ ያን ከሥሩ የሚደረደረውን ብረት፣ ፈልጌ እንዳመጣ አዘዙኝ። «የአዲሱን መኪና አታምጣብኝ» አሉ፤ «እንደ አዲስ ሰው ነው፣ ድምፅ እንጂ ልብ የለውም።» መናኸሪያ አካባቢ ጋራዥ ሞልቷል፤ በማግስቱ የተሰበረ ባሌስትራ ይዤ ሄድኩ። መሮውን ሠርተው ይሰጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ጆንያውን ገልጠው «ግባ» አሉኝ። ወናፉን አስያዙኝ።

እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልበል። እኛ አገር ሰው ቀጥቃጭ ቤት አይገባም። ማረሻውን፣ ቢላውን፣ መጥረቢያውን ሁሉም ይፈልገዋል። ሠሪውን ግን ደጅ ቆሞ ነው የሚያነጋግረው። አብሮ አይበላም። ልጅ አይሰጠውም፣ ልጁንም አያገባም። ስንበላ ካየን በዓይኑ ይበላናል የሚል ተረት ከጡት ጋር ጠጥተናል። ከተማ ገባን፣ ወንጌል ሰማን፣ እሁድ እሁድ ሁላችን አንድ ነን ብለን እጃችንን አንስተን እንዘምራለን። ሰኞ ደጅ እንቆማለን። እኔም እያመነታሁ ነው የገባሁት። መሮው ባያስፈልገኝ አልገባም ነበር።

ገባሁና ሦስት ዓመት ሰኞ ሰኞ ተመላለስኩ።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ወናፍ ብቻ ነበር። ከዚያ ጉጠቱን፣ ከዚያ መዶሻውን ሰጡኝ። በሩ ላይ ያለው ጆንያ በቀንም ተዘግቶ ነው የሚሠራው፤ ብረት ቀለሙ የሚታየው በጨለማ ነው ይላሉ። ብርሃን ያለበት ቦታ የጋለና ያልጋለ አይለይም። መጀመሪያ እንደ በርበሬ ይቀላል፤ ያን ጊዜ ብትመታው ይሰነጠቃል። እንደ ብርቱካን ሲሆን ትመታለህ። ነጥቶ ኮከብ መርጨት ከጀመረ ግን አልቆለታል፤ አውጥተህ ጣለው። እኔ ስንቱን እንዳቃጠልኩ እሳቸው ያውቃሉ። አንድም ቀን ጮኸውብኝ አያውቁም። «አበሰልከው» ብቻ ነበር የሚሉት። «እራት አደረግከው።»

ከባዱ ነገር መጨረሻው ነው። መሮው ቅርፁን ከያዘ በኋላ አንድ ጊዜ አግለህ አፉን ብቻ ውሃ ውስጥ ትነክረዋለህ። ያኔ እንደ ብርጭቆ ጠንካራ ይሆናል፤ እንደ ብርጭቆም ይሰበራል። ስለዚህ ወዲያው በድንጋይ ፈግፍገህ ታበራውና ትጠብቃለህ። ከኋላው የቀረው ሙቀት ቀስ እያለ ወደ አፉ ሲመጣ ቀለም ይዞ ይመጣል። መጀመሪያ ገለባ፣ ቀጥሎ ጠጅ፣ ከዚያ የጉበት መልክ፣ ከዚያ ሰማያዊ። «ጠጁ አፉ ላይ ሲደርስ ንከረው» ይሉኝ ነበር። «ሰማያዊውን ከጠበቅክ ወደ ቅቤህ ተመለስ።» ይህ ሁሉ ሦስት ጊዜ እስክትተነፍስ ያልቃል። ዓይንህን ካርገበገብክ አለፈህ።

ፊደል የቆጠርኩትም በዚያው ዘመን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ጠመኔ፣ ሰኞ ጠዋት ከሰል። ለሽማግሌው አንድ ጊዜ መሬቱ ላይ ስማቸውን በሚስማር ጻፍኩላቸው። ጎንበስ ብለው ብዙ አዩት። «ይሄ እኔ ነኝ?» አሉ። አዎ ስላቸው፣ የዚያን ቀን እስክንጨርስ ድረስ ጽሕፈቱን ላለመርገጥ ዞረው ነበር የሚያልፉት።

በአምስተኛው ወር የመጀመሪያዋን መሮ ብቻዬን ጨረስኩ። የወይራ እጀታ አስገባሁላት። ወይራ ላይ ሠራሁባት፣ ጥድ ላይ ሠራሁባት፣ ዋንዛ ላይማ እንደ ጨዋታ ነው። አፏ አልታጠፈም፣ አልተሸረፈም። ከዚያ ሰፊ መሮ፣ ጠባብ መሮ፣ የመላጊያ ምላጭ። ምላጩን መላጊያው ውስጥ ከትቼ የዋንዛ ጣውላ ላይ ስገፋው እንደ ሐር ሻሽ የሚጠቀለል ፍቅፋቂ ወጣ። እውነቱን ልናገር፣ ከልጄ መወለድ ቀጥሎ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጓደኞቼ ዓይናቸው መሣሪያዬ ላይ ነበር። «ከየት አመጣኸው?» ይሉኛል። «ከአዲስ አበባ ነው፣ የድሮ የጣሊያን ብረት ነው» እላቸዋለሁ። ውሸቱ ከአፌ ሲወጣ የተዘጋጀ ነበር፤ አስቤበት እንኳ አላውቅም። አንዱ፣ ቀልደኛው፣ የሳቁ ድምፅ ከመጋዙ ድምፅ የሚበልጥ ሰውዬ፣ «ጣሊያን መሮውን ጥሎልህ ነው የሄደው?» እያለ ያበሽቀኝ ነበር። እስቃለሁ። ሽማግሌውን ከእነሱ ጋር ሳወራ ካነሳሁ «እሱ» ነበር የምላቸው፤ «ያ ሰውዬ»። እዚህ «እሳቸው» እያልኩ መጻፌ ዘግይቶ የመጣ ጨዋነት ነው።

ሌላም አለ። የሽማግሌው ባለቤት ሰኞ ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ምግብ ይዘው ይመጣሉ። ቆጮ በቅቤ፣ ጎመን፣ አንዳንዴ አይብ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ጉርሻ አልበላሁም። አንዴ ሆዴን አሞኛል፣ አንዴ በልቼ ነው የመጣሁት፣ ብዙውን ጊዜ ግን ጾም ጸሎት ይዣለሁ እላለሁ። አንድ ቀን ሽማግሌው ቆጮውን እየቆረሱ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ጴንጤዎች ጾማችሁ ሰኞ ሰኞ ብቻ ነው እንዴ?» አሉኝ። ባለቤታቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ ወናፉን ያዝኩ። እሳት አያስፈልግም ነበር፤ ምሳ ሰዓት ነው። ግን ነፋሁት።

ታዲያ በዚህ ሁሉ ላይ እሳቸው አንድም ቀን ከእኔ ምንም አልጠየቁም። የጠየቁኝ አንድ ጊዜ ነው።

ገበያው ጥግ ያሉት ቤቶች ለመንገድ ይፈርሳሉ ተባለ። ቀይ ምልክት ተቀባባቸው። በዚያው ሰሞን ደግሞ የእኛ የእንጨት ሠራተኞች ማኅበር ከከተማው ሼድ ሊሰጠው ነበር፤ ሰፊ፣ ባለ ቆርቆሮ፣ ግቢ ያለው። ሽማግሌው ይህን ከእኔው ነው የሰሙት። ሰኞ ዕለት መዶሻቸውን አስቀመጡና ጉልበታቸው ላይ እጃቸውን ጠርገው እንዲህ አሉኝ፦

«ጥግ ይበቃኛል። ሁለት ክንድ በሁለት ክንድ። ጭሱ ካስቸገረ አጥሩ ሥር አወጣዋለሁ። ለእናንተም ምላጭ ይሠራል፣ ይሳላል። እሳት ከሌለኝ እኔ ምን ሰው ነኝ?»

«ምን ችግር አለ አባባ!» አልኳቸው። «የማኅበሩ ጸሐፊ እኮ እኔ ነኝ። ዝርዝሩ ውስጥ አስገባዎታለሁ።»

ጸሐፊ የሆንኩት በቅርቡ ነበር። ሊቀ መንበሩ «አዲስ የተማረ ሰው እጁ ይፍታታ» ብሎ ነው የሾመኝ። ደረቴ ተነፍቶ ነበር። እስክሪብቶ ሁለት ሁለት ነበር ኪሴ ውስጥ የምሰካው።

ዝርዝሩ የተሠራው ሊቀ መንበሩ ግቢ ውስጥ ነው። አሥራ አንድ ሰዎች ነበርን፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን ሻይ እየጠጣን። ወረቀቱ የከተማው ነው፤ ስም፣ ሙያ፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ይላል። ሙያ በሚለው ሥር የተጻፈ ሰው ሼዱ ውስጥ የሥራ ቦታ ያገኛል። ከታች ደግሞ አቅራቢዎች የሚል ሰንጠረዥ አለ፤ እንጨት የሚያመጣ፣ ኮላ የሚያመጣ። እነሱ በር ላይ ያራግፋሉ እንጂ ቦታ የላቸውም። ይህን ልዩነት ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ጮክ ብዬ አንብቤ ለሁሉም ያስረዳሁት እኔ ነኝና።

የሁላችንንም ጻፍኩ። ሽማግሌው መጡ። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፣ ጫማቸውን አጥበዋል። በሩ አጠገብ ያለው ቧንቧ ላይ እጃቸውን መታጠብ ጀመሩ፤ ጣት ማሳረፍ እንዳለ ነግሬያቸው ነበር፣ በከሰል እጅ ወረቀት እንዳያቆሽሹ ነው። ርቀቱ ሃያ እርምጃ ይሆናል። ውሃው ይንሿሿል።

ቀልደኛው አያቸውና ብርጭቆውን በመዳፉ ሸፈነ።

«ኧረ ጎበዝ፣ ሻያችንን እንጨርስ! የገበያው ቀጥቃጭ መጣ። በዓይኑ አንድ ጊዜ ካየው ሻዩ ሆዳችን ውስጥ ይፈላል።»

ሳቁ። ሌላው «ማን ጠርቶት ነው?» አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ ጸሐፊው እኔ ነኛ።

«አንተ» አለኝ ቀልደኛው፤ «የጣሊያን መሮህ ይሄ ነው እንዴ? ዘመድህ ነው ንገረን፣ አናሳጣህም!»

ዘመዴ አይደሉም። ቢሆኑም ኖሮ ምን ነበረበት? ይህን አሁን ነው የምለው። ያኔ ጆሮዬ ጋለ። ልጄ ታየችኝ፤ ነገ ሰው ሲጠይቃት ታየኝ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከኋላዬ የሚቀመጡት ታዩኝ። ይህ ሁሉ የታየኝ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ እስካነሳ ድረስ ባለችው ጊዜ ነው።

«ኧረ ከሰል ነው የሚያመጣልኝ» አልኩ። «ኮላ ማሞቂያ። አቅራቢ ነው።»

«አሃ!» አለ ሊቀ መንበሩ። «ጻፈዋ ታዲያ።»

ከታች ባለው ሰንጠረዥ ስማቸውን ጻፍኩ። አጠገቡ «ከሰል አቅራቢ» ብዬ ጻፍኩ። ጽሕፈቴ አማረ። አስተማሪያችን «ቸኩለህ አትጻፍ፣ ፊደሉን አክብረው» ይለን ነበር። አልቸኮልኩም። አከበርኩት።

ሽማግሌው እጃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እያደረቁ መጡ። ለሁሉም ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሰጡ። ቀለሙን አቀረብኩላቸው። አውራ ጣታቸው በእሳት ስለጠነከረ አሻራው አልያዝ ብሎ ሁለት ጊዜ አስደገምኳቸው። ከዚያ ወረቀቱን ጎንበስ ብለው አዩ፤ መሬት ላይ የጻፍኩላቸውን ስም የሚፈልጉ ይመስለኛል።

«ምን ብለህ ነው የጻፍከኝ?» አሉኝ።

አሥሩም ሰዎች ያዳምጣሉ።

«ሙያዎን ነዋ አባባ።»

«ብረት ብለህ?»

«አዎ» አልኩ። «ብረት ብዬ።»

ቀልደኛው ሻዩ ትን አለውና ሳለ። እሳቸው አልገባቸውም። ሁለት እጃቸውን አገናኝተው አመሰገኑኝ። ማኅበሩንም በሙሉ መረቁ። ቀለም የነካ አውራ ጣታቸውን ሳይታጠቡ፣ እንዳይጠፋ ከጋቢው ውጭ አድርገው ይዘው ሄዱ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ማመካኛ አይደለም፣ እንዲያውም ጥፋቴን ያከብደዋል። ወጣት ሳለሁ ታላቅ ወንድሜ አንድ ወረቀት አምጥቶ «ለአባታችን መሬት ምስክር ነህ፣ ጣትህን አሳርፍ» አለኝ። አሳረፍኩ። ወረቀቱ ድርሻዬን ለወንድሜ ለቅቄያለሁ ይል ነበር። ያወቅኩት ሌላ ሰው ሲያነብልኝ ነው። ሐዋሳ የገባሁት በዚያ ምክንያት ነው። ፊደል ለመማር አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ከወጣቶች ጋር የተቀመጥኩትም ከእንግዲህ ማንም በወረቀት አይጫወትብኝም ብዬ ነው። ወንድሜን ሃያ ዓመት ረግሜዋለሁ። እሱ ግን ቢያንስ መሬት ነበር የፈለገው። እኔ የፈለግኩት አሥር ሰው እንዳይስቅብኝ ነው።

ቀጥሎ በነበሩት ሁለት ሰኞዎች አልሄድኩም። ሥራ በዛብኝ አልኩ ለራሴ።

ሼዱን የተረከብን ቀን ሽማግሌው በሰው የሚገፋ ጋሪ ይዘው መጡ። ከባቡር ሐዲድ የተቆረጠውን፣ የጋለ ብረት የሚመቱበትን መስፋቸውን፣ ወናፉን፣ ጉጠቶቹን፣ ውሃ የሚያስቀምጡበትን ግማሽ በርሜል ጭነውበታል። ጠዋት ነው። እኔ ውስጥ ነበርኩ፤ ጣውላ እያቆምኩ። በሩ ላይ ዝርዝሩ በእጁ ያለ ጥበቃ ቆሟል።

«አባባ፣ ስምዎ?»

ነገሩት። በጣቱ ፈለገ።

«አለ። ከሰል አቅራቢ ይላል። ከሰሉ የታለ?»

«ከሰል አይደለም ልጄ። ብረት ነው። እይው ደህና አድርገህ።»

«ከሰል አቅራቢ ነው የሚለው አባባ።»

«እንደገና አንብብልኝ።»

አነበበላቸው። ጥበቃው ክፉ ሰው አይደለም፤ ቀስ ብሎ፣ ፊደል በፊደል ነበር የሚያነበው፣ እኔ እንደተማርኩት። ለሦስተኛ ጊዜም አነበበ። ከዚያ «ስህተት ይሆናል፣ ጸሐፊው ውስጥ አለ፣ ልጥራልዎት?» አላቸው።

እኔ ከቆሙት ጣውላዎች ጀርባ ነበርኩ። በጣውላዎቹ መሃል ይታዩኛል። መላጊያዬ በእጄ ነው፤ ምላጩን ከእሳቸው ጋር የሠራሁት መላጊያ። ልጠራ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

ሽማግሌው ወደ ውስጥ አዩ። ያዩኝ አልመሰለኝም። ብዙ ቆይቼ ሳስበው ግን በጨለማ ብረት ሲያዩ የኖሩ ዓይኖች ናቸው።

«ተወው» አሉ። «አይጠራ። ሥራ ላይ ይሆናል።»

ጋሪውን የሚገፋውን ሰውዬ «መልሰው» አሉት። የጋሪው ጎማ ኮብልስቶኑ ላይ እየተንኳኳ እስኪርቅ ድረስ ሰማሁት። ከዚያ ወጥቼ ጥበቃውን «ማን ነበር?» ብዬ ጠየቅኩት። ይህንንም ብያለሁ። መጻፍ ከጀመርኩ ሁሉንም ልጻፈው።

ቤቶቹ ፈረሱ። ሽማግሌው ምሥራቅ በሚባለው ሰፈር ልጃቸው ቤት ገቡ ተባለ። እኔ ሼዱ ውስጥ መሥራቴን ቀጠልኩ። አራት ወር ቆየሁ። አራት ወር ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ ብል እዋሻለሁ፤ በደንብ ተኝቻለሁ፣ በልቻለሁ፣ ዘምሬያለሁ። የቀሰቀሰኝ ኅሊናዬ አይደለም፤ የመላጊያዬ ምላጭ ተሸርፎ ነው። አጥሩ ሥር እሳት አነደድኩና አዲስ ልሠራ ሞከርኩ። አንዱ ተሰነጠቀ። አንዱ እንደ ብርጭቆ ተሰበረ። ሦስተኛው ላይ ጠጁ ሲመጣ አየሁት፣ ነከርኩት፣ ያዘ። እዚያው ምላጩን በእጄ ይዤ ቁጭ አልኩ። ያኔ ነው የወረደብኝ። እኚህ ሰው ያልሰጡኝ ነገር የለም።

በሚቀጥለው ስብሰባ ተነስቼ ሁሉንም ተናገርኩ። የመሮውን፣ የሦስቱን ዓመት፣ የዝርዝሩን። ድንጋይ እስኪወረወርብኝ ነው የጠበቅኩት።

ቀልደኛው ጭንቅላቱን አከከ። «እና ምን ይጠበስ?» አለ። «እኛ እኮ ድሮም ጠርጥረናል። ጣሊያን መሮ ከሰጠህ ለእኛም ባዳረሰን።»

ሳቁ። እኔ ላይ ነው የሳቁት እንጂ በሳቸው አይደለም።

ሊቀ መንበሩ ግን አልሳቀም። «ሰውዬ» አለኝ፣ «ያኔ ብትነግረን እኮ አንድ ቀን ስቀን እንተወው ነበር። እኔ በምላጭ ችግር ወገቤ ተቆርጧል። ሽማግሌውን ግቢያችን ውስጥ አግኝተን እንጠላ ነበር?» ከዚያ «ወረቀት አምጣና አስተካክል» ብሎ ማኅተሙን ከመሳቢያው አወጣ። ይኸው ነው። የፈራሁት ነገር አልነበረም። ወይም ነበረ፤ ግን የአንድ ሻይ ያህል ነበር። እኔ በዚያች ሻይ ነው ሰው የሸጥኩት።

አዲሱን ወረቀት ጻፍኩ። ማኅተም ተመታበት። የጣት ቀለሙን ኪሴ ከትቼ ባጃጅ ይዤ ምሥራቅ ሄድኩ። ጠይቄ ጠይቄ ቤቱን አገኘሁት፤ አዲስ ከተሠሩት ቤቶች አንዱ፣ ግቢው በሲሚንቶ የተለሰነ። ሽማግሌው ግድግዳ ተደግፈው ጥላ ውስጥ ተቀምጠዋል። እጃቸው ነጽቷል። ያ ነው መጀመሪያ ያየሁት፤ ጥፍራቸው ሥር ከሰል የለም፤ የባለሥልጣን እጅ ይመስላል።

ተነስተው ተቀበሉኝ። «ቤተሰብ ደህና? ልጅህ ደህና?» አሉ። ወንበር ሰጡኝ። እኔ ቁጭ ሳልል ማውራት ጀመርኩ። ይቅርታ አልኩ፣ በደልኩዎት አልኩ፣ ፈርቼ ነው አልኩ። ሰሙኝ። ስጨርስ ወረቀቱን አወጣሁና «አስተካክለነዋል። ቦታዎ ተፈቅዷል። ላንብብልዎት» አልኩ።

እጃቸውን አነሱ፤ ቆይ እንደማለት።

ወደ ቤቱ ዞረው ልጃቸውን ጠሩ። ሠላሳ ዓመት የሚሆናት፣ የመሥሪያ ቤት መታወቂያ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ወጣች። ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ሰጧት።

«አንብቢልኝ» አሏት።

እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ማንበብ የምችል ሰው። እሷ አየችኝ፣ አባቷን አየች፣ አነበበች፦ «ብረት ቀጥቃጭ። የመሮና የመላጊያ ምላጭ ሠሪ። የሥራ ቦታ፣ ግቢ ውስጥ፣ ምሥራቁ ጥግ።»

«እንደዚያ ነው የሚለው?»

«እንደዚያ ነው አባ።»

«ሌላ ነገር የለውም? ከታች?»

ከታች ማኅተሙ ብቻ ነው አለቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥሩ ጽሕፈት ነው?» ብለው ጠየቋት። ጥሩ ነው አለች። ወረቀቱን በአራት አጥፈው መልሰው ሰጡኝ።

«መስፉን ሸጥኩት» አሉ። «ቆራሌው በኪሎ ወሰደው። እዚህ ሲሚንቶ ነው፣ እሳት አይነድም፣ ጎረቤት አለ።»

«መስፍ እኔ እፈልጋለሁ አባባ። ሐዲድ አላጣም። ብቻ ጣትዎን ያሳርፉልኝ፣ ዛሬውኑ ላስገባው።» ቀለሙን አወጣሁ። እንዴት እንዳወጣሁት አላውቅም፤ ክዳኑን ሁሉ ከፍቼዋለሁ።

ቀለሙን አዩት። አውራ ጣታቸውን በሌላው እጃቸው ጨብጠው ጉልበታቸው መሃል አስገቡት። ሕፃን እንዲህ ሲያደርግ አይቻለሁ፤ ሽማግሌ ግን አይቼ አላውቅም።

«ደህና ሁን ልጄ» አሉኝ። «ምላጭህ እንዴት ነው? ያዘ?»

«ያዘ» አልኩ።

«ጎሽ።»

ሴትየዋ እስከ በሩ ሸኘችኝ። ስንወጣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ በየመንገዱ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ አንብቢልኝ ይሉኛል» አለችኝ። «የሱቁን፣ የባጃጁን። እኔ የነገርኳቸውን ደግሞ ሌላ ሰው ያስነብባሉ። እባክዎ ሁለተኛ ወረቀት ይዘው አይምጡባቸው። መምጣት ከፈለጉ ባዶ እጅዎን ይምጡ፣ ቁጭ ይበሉ፣ የቀረበውን ይብሉ፣ ይሂዱ።»

እሺ አልኳት።

ይኸው ወሩ ሊሞላ ነው። ሁለት ሰኞ ባጃጅ ይዤ ምሥራቅ ደርሻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከቤቱ ሁለት መንገድ ቀርቶኝ ወርጄ በእግሬ ተመልሻለሁ። ወረቀቱ ሼዱ ውስጥ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ የአሻራው ቦታ ባዶ ነው። ጥጉን ማንም አልያዘውም። ሊቀ መንበሩ «እስከ መቼ ነው የሚቀመጠው?» ሲለኝ ጣውላዬን መላግ እቀጥላለሁ። እኔ ራሴን አውቃለሁ፤ መጻፍ ይቀለኛል፣ ይኸው ይህን ሁሉ ጽፌያለሁ። ባዶ እጄን ሄጄ ቁጭ ማለት ነው ያቃተኝ።